ግድግዳ የሚስለው ምትኩ

ምትኩን ሰቆጣ ላይ የማያውቀው የለም። የሱቅ ታፔላ ጸሐፊ ነው፤ ገበያው ዳር ያለውን የነሰላሕን ሱቅ ታፔላም የጻፈው እሱ ነው። ፊደሉ ያምራል፣ ሰውየው ግን ዝምተኛ ነው። እኔ ደግሞ ዝምተኛ አልወድም፤ በሆዱ ምን እንዳለ በምን ይታወቃል?

በ89 ዓ.ም መሬት ይሸጋሸጋል፣ ቤትም ይነካል እየተባለ ሰው ሁሉ ሲሰጋ፣ ይሄ ምትኩ ከጎረቤቴ ከጥሩሐረግ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጦ ወረቀት ይሞነጫጭራል። ቤቷ የድሮ የድንጋይ ቤት ነው። ፎቁ ፈርሷል፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ታች ብቻዋን ትኖራለች።

«ምን ትጽፋለህ?» አልኩት።

«ቤቱን እየሳልኩ ነው፣ እማማ ሸጌ።»

«ለማን?»

«ለራሴ።»

ለራሱ! ለራሱ ብሎ ፀሐይ ሲመታው የሚውል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኦና ቤት መዝግብ ብሎ ቀበሌ ልኮት ነው አልኩ በሆዴ። ዞር ስል ደግሞ የግድግዳውን ቀይ አፈር በቢላ እየፋቀ በጣሳ ይይዛል። የሰው ቤት አፈር! ለምን ዓይነት መተት እንደሚሆን ማን ያውቃል? ሮጬ ገባሁ።

«ጥሩሐረግ፣ አፈርሽን ወሰደልሽ!»

ክው አለች። ለካ ቤቱ የምትኩ አባት የገብረ ጻድቅ ነበር፤ በ77 ድርቅ ለሰፈራ ሲሄዱ ነው ለባሏ የሸጡት። «በይ፣ ሊያስነቅለኝ ነው» አለች።

«ኦና ካልመሰለ ማን ይነካሻል?» አልኳት።

በማግስቱ ጭቃውን በጭድና በእበት አቡክተን ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ለቀለቅነው። ሁለት አሮጊቶች! ወገቤ እስካሁን አልዳነም።

ምትኩ ከሰዓት መጣና ድርቅ ብሎ ቆመ።

«እትዬ ጥሩሐረግ፣ ምነው?»

«ምነው ምን? ቤቴን ለቀለቅሁ። ባለቤት የሌለው መስሎህ ነበር?»

«እዚህ ጋ የእናቴ ጣቶች ነበሩ።»

እናቱ ስትለቀልቅ፣ ጭቃው ሳይደርቅ በጣቶቿ መስመር ታወርድበት ነበር። ሰፈራው ላይ ሞተች፤ ፎቶ እንኳ የላት። ወረቀቱን ገለጠልን። የፈረሰው ፎቅ፣ ስንጥቁ፣ በሩ፣ ከበሩ አጠገብ አራት አራት ሆነው የወረዱት መስመሮች። ቀለሙ ያ ቀይ አፈር ነው፣ በእንቁላል ለውሶት። ፊቴን ወዴት እንደማዞር ጠፋኝ።

ጥሩሐረግ ግን ወረቀቱን ነጠቀችው። «ነገ ይሄን ይዘህ፣ ቤቱ የእናቴ ነው ብለህ ብትከሰኝስ? እኔ ጋ ይቀመጥ።» ከግብር ደረሰኟ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ይመጣል። አውጥታ ታሳየዋለች፣ ጫፉን ግን አትለቅም። እሱ በአንድ በኩል፣ እሷ በአንድ በኩል። አምስት ዓመት እንዲህ።

በ94 ክረምት ቤቱ ተናደ። እሷ ገበያ ነበረች፤ ሳጥኑን ከፍርስራሹ አወጣንላት። እዚያው ጓሮ የቆርቆሮ ቤት ቀለሰች፣ ቦታዋንም ማንም አልነካባት። እሑድ ምትኩ ሲመጣ ወረቀቱን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ውሰድ። ከእንግዲህ ምን ትወስድብኛለህ?»

እንባው መጣ መሰለኝ፤ ቶሎ ወጣ። በሳምንቱ ሌላ ወረቀት ይዞ መጣ፤ ያንኑ ቤት ለሷ ስሎላት። ጥሩሐረግ መስመሮቹን በጣቷ እየነካች ቆጠረች።

«አንዷ ጎድላለች።»

«ኧረ ልክ ናቸው፣ እትዬ!»

«ያኛውን አምጣና ጎን ለጎን እንያቸው።»

ሊያመጣ ሄደ። እኔም ከበሩ ተቀመጥኩ፤ እሱ መስመር አጉድሎባት ይሁን እሷ ያኛውን መልሳ ልትይዝበት፣ ማን ማንን እንደሚያታልል ሳላይ ወዴት እሄዳለሁ?