ስለ ፍቅር ሰብኬ እግሬ የተሰበረበት ክረምት

ከአንድ ሰው ጋር ዘጠኝ ወር ሙሉ ተኳርፌ፣ በየበዓሉ ግን ፊት ለፊቱ ቆሜ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ። ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ከደምበጫ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ አንድ የገጠር ደብር ነው።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቅኔ አስመስክሬ ለአገልግሎት ወደ ደብሩ ስላክ፣ ዕውቀቴ ከጥምጣሜ በላይ ወጥቶ ከሩቅ የሚታይ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ስደርስ ግን ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድሞ የገባ የዜማ መምህር አገኘሁ። ሲያዜም ከወንዙ ማዶ ያሉ ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አቁመው ይሰሙታል ይባል ነበር። የእኔ ድምፅ እንደ ተሰነጠቀ እንስራ ነው። እኔ ቅኔ ስቀኝ ሊቃውንቱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እርሱ ሲያዜም ግን ምእመኑ በሙሉ ያለቅሳል። ይህን ልዩነት ለመቻል የሚሆን ጸጋ አልተሰጠኝም።

ጠባችን የተጀመረው በኅዳር ነው። እርሱ በበዓል ዋዜማ ብርቱ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ጠፋ። እኔም ቅኔ የማቀርብበት ተራ ሲደርሰኝ፣ «ጴጥሮስን ያስለቀሰው ዶሮ ዛሬ ጉንፋን ይዞት ዝም ብሏልና፣ እንግዲህ ማን ንስሐ ይገባል?» የሚል ነገር በግእዝ ተቀኘሁ። ሰሙ የሐዋርያው ዶሮ ነው፤ ወርቁ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ከቆመው ሕዝብ ግእዙ የገባቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ሳቁ። ሦስተኛው እርሱ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ቅኔዬን ግማሽ ሳደርስ ሳል ጀመረው። ቀላል ሳል አይደለም፤ የታመመ በቅሎ ሳል ነው። እስከ መጨረሻው ሳለና አጠገቡ ላለው ቄስ፣ «ጉንፋኑ አልለቀቀኝም፤ ዶሮ ነኝና» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዘጋጋን።

የሁለታችንም የንስሐ አባት አንድ ነበሩ። ሽማግሌ፣ ትዕግሥተኛ ቄስ ናቸው። ሦስት ጊዜ ሊያስታርቁን ሞከሩ። ሦስቱንም ጊዜ እኔ፣ «እኔ ቂም የለኝም፤ እርሱ ይጀምር» አልኩ። እርሱም፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ ቃል በቃል ያንኑ ብሏል። የምንስማማው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የደብሩ ዘበኛ እንዳያዜም።

ዘበኛው ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ትከሻቸው እንደ በር የሰፋ ሰው ነበሩ። እግዚአብሔር ሌላውን ሁሉ ሲሰጣቸው ዜማን ረስቶታል። በቅዳሴ መካከል ከጥግ ሆነው ሲቀበሉ፣ ዝቅ ያለው ከፍ፣ ከፍ ያለው ዝቅ ይልባቸዋል። እኔም እርሱም በየፊናችን፣ «ጋሼ፣ እባክዎ በልብዎ ይጸልዩ» ብለናቸዋል። «እሺ የኔታ» ይሉና ሳምንት አይቆዩም፤ ይረሱታል።

ነሐሴ ላይ የፍልሰታ በዓል ደረሰ። የደብሩ አለቃ ጠሩኝና፣ «ታቦቱ ዞሮ ሲቆም አንተ ትሰብካለህ። ስለ ፍቅር ስበክ» አሉኝ። ፍቅርን ለምን እንደመረጡልኝ አልጠረጠርኩም። እንዲያውም ርእሱ ለእርሱ በጣም እንደሚያስፈልገው ታየኝና ደስ አለኝ።

የሰበክሁት ስብከት፣ እኔው ብናገረውም፣ ግሩም ነበር። ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን አነሣሁ፤ ሰው የመላእክትን ቋንቋ ቢናገር፣ ምሥጢር ሁሉ ቢገለጥለት፣ ተራራ የሚያፈልስ እምነት ቢኖረው፣ ፍቅር ከሌለው ባዶ ጩኸት መሆኑን አተትሁ። «የሚያምር ድምፅ ያለው ሰውም እንዲሁ ነው» ስል በእጄ የያዝሁትን ጸናጽል ወደ እርሱ አቅጣጫ ሁለት ጊዜ አንሿሿሁት። አሮጊቶች አለቀሱ። አለቃው መሬት መሬት አዩ። እርሱ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ።

ከስብከቱ በኋላ ወረብ ነበር። ሁለት ረድፍ ሠርተን፣ መቋሚያችንን ይዘን፣ ከበሮው እየተመታ እናሸበሽባለን። እርሱ እልህ ይዞት ነው መሰለኝ ያን ቀን እንደዚያ አምሮ አዚሞ አያውቅም። ሕዝቡ እልል አለ። እኔ በድምፅ አልችለውምና በእግር ልብለጠው ብዬ ዘለልሁ። መሬቱ የሌሊት ዝናብ የጠጣ ነው። አንድ ጊዜ ዘለልሁ፣ ደግሜ ዘለልሁ፤ ሦስተኛው ላይ ግን ከኋላዬ የነበረውን የድንጋይ ደረጃ አላየሁትም። ስወድቅ ቀኝ እግሬ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ አሰማ። ከበሮው ቆመ። መጀመሪያ ያነሡኝ ዘበኛው ነበሩ፤ እንደ ሕፃን አቅፈው ደጀ ሰላሙ ውስጥ አስተኙኝ።

የአካባቢው ወጌሻ ተጠርቶ መጣ። እግሬን ዳሰሰና፣ «ይህ ለኔ አይደለም። ሁለት ቦታ ነው። ደምበጫ ውሰዱት» አለ።

ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ተቆርጦ፣ ጋቢ ታስሮበት ቃሬዛ ተሠራ። አራት ሰው ሆነው ተሸከሙኝ፤ ዘበኛውና ሦስት ገበሬዎች። ሕመሙ ነፍሴን ይዞት ስለነበር ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ጥቂት እንደሄድን ከገበሬዎቹ አንዱ፣ «ሰውየው ከጤፍ ጆንያ ይከብዳል» አለ።

«ዕውቀቱ ነው እንጂ ሥጋስ የለውም» አለው ሌላው።

የመጀመሪያው ጋራ ላይ አንዱ ገበሬ ደከመውና ተቀየረ። ዓይኔን ስገልጥ ከራሴ በላይ አንድ የማውቀው ጺም ተገልብጦ ታየኝ። እርሱ ነው። ጥምጣሙን እንኳ ሳያወልቅ፣ ልብሰ በዓሉን ከወገቡ ታጥቆ፣ በራስጌዬ በኩል ይዞኛል። መልሼ ጨፈንሁ።

«የኔታ» አሉ ዘበኛው ከግርጌ በኩል።

«አቤት» አልን ሁለታችንም።

«የተኙትን ነው።»

«አቤት» አልሁ ብቻዬን።

«ይህ ቁልቁለት ነው። ተጠንቅቀው ይያዙ።»

ራስጌዬ ያለው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ አጣናውን በሁለት እጁ እንዲይዝ ይንገሩልኝ» አለ። አፉ ከጆሮዬ አንድ ክንድ አይርቅም።

«የኔታ፣ በሁለት እጅዎ ይያዙ ብለዋል።»

«ሰምቻለሁ ይበሉት።»

«ሰምተዋል።»

«መስማቱን እኔም ሰምቻለሁ ይበሉት» አለ እርሱ።

ዘበኛው ይህን ለማድረስ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ገበሬዎቹ ሳቃቸውን ለመያዝ ሲታገሉ ቃሬዛው ተንቀጠቀጠ፤ እኔም በዚያው ጮህሁ።

በመንገዱ መካከል አንድ ወንዝ አለ። በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ ይሻገሩታል፤ በነሐሴ ግን ውኃው ደፍርሶ እስከ ጭን ይደርሳል። ዘበኛው ፊት ሆነው ገቡ። መካከል ላይ ስንደርስ ራስጌዬ ዝቅ አለ። እርሱ ተንሸራትቶ በጉልበቱ ውኃው ውስጥ ወድቋል። አጣናውን ግን አልለቀቀም፤ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንሥቶ ይዞታል። ውኃው ደረቱ ላይ ይጋጫል፤ ጥምጣሙ ዓይኑን ሸፍኖታል፤ አንድም ጠብታ አልነካኝም። ገበሬዎቹ ደግፈው አስነሡት። ስንሻገር አንድ እግሩ ባዶ ነበር፤ ጫማውን ወንዙ ወስዶታል። ለበዓል የገዛው አዲስ ጫማ ነበር።

እርሱ በአንድ ጫማ እያነከሰ በጭቃው መሄዱን ቀጠለ። አንዴ ቸብ፣ አንዴ ቀጭ የሚለውን እርምጃውን ተኝቼ እሰማ ነበር። ከጥቂት ሰዓታት በፊት ጸናጽል ያንሿሿሁት ለዚህ ሰው ነው።

«ጋሼ» አልሁ በመጨረሻ። «ጫማው ...»

«ምን ልበልልዎ?»

«ምንም። ተዉት።»

ዘበኛው ጥቂት ሄዱና የእመቤታችንን መዝሙር ማዜም ጀመሩ። ያን ዜማ ልገልጸው አልችልም። የጠፋች ላም ፈልጎ ያጣ ሰው ጩኸት ነው። ጮክ ብለው፣ ቃሉን እየጎተቱ፣ ከመንገዱ ዳር በጎች እየበረገጉ፣ ዳገቱን ሁሉ እንዲያ አሉት። ሆን ብለው ይሁን ሳያስቡት እስካሁን አላውቅም። እርሱ ከራስጌዬ ሲያቃስት እሰማዋለሁ። በመጨረሻ አልቻለም።

«ጋሼ፣ አራራይ እኮ ነው። ለስለስ፣ አዘን ያድርጉት» አለና አዜመላቸው።

ከሦስቱ የዜማ ስልቶች አንዱ አራራይ ነው። ግን ያ መዝሙር አራራይ አይደለም። ድምፅ ባይኖረኝም ይህን አውቃለሁ፤ ስሕተት ሰምቼ ዝም ማለት ደግሞ በተሰበረ እግርም አልችልበትም።

«ዕዝል ነው» አልሁ።

ቃሬዛው ቆመ። በዘጠኝ ወር ውስጥ የነገርሁት የመጀመሪያ ቃል መሆኑን ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያወቅሁት።

«አራራይ ነው» አለኝ፣ ተገልብጦ ቁልቁል እያየኝ።

«ማነው እንዲያ ብሎ ያስተማረህ?»

«አንተንስ በዚያ ድምፅህ ማን አስተማረህ?»

«ድምፄን ተወውና ስልቱን ንገረኝ።»

ዘበኛው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እኔም ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር» ብለው ጸጥ አሉ። እኛ ግን አልቆምንም። ደምበጫ እስክንደርስ ስለ ዜማው ስንከራከር መንገዱ አለቀ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ነርሷ፣ «የታመመው የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ሁለታችንም እንጮህ ነበርና።

በማግስቱ እርሱው አብሮኝ በአውቶቡስ ደብረ ማርቆስ ሄደ። ሆስፒታል እግሬ በጀሶ ታሰረ። ስንመለስ የእኔ ጎጆ ዳገት ላይ ስለሆነች ወዴት እንደምወሰድ ተመከረ። የእርሱ ሚስት ምክሩን አልጠበቀችም፤ መደብ አንጥፋ ጠበቀችኝ። በዚያ ሁሉ ወር ጠባችንን ከቁም ነገር የማትቆጥር እርሷ ብቻ እንደነበረች ያኔ ነው የገባኝ። በጾሙ ሰሞን በደጄ ተቀምጦ የማገኘው በቅጠል የተሸፈነ ሽሮ የማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ለቅኔዬ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

እዚያ ቤት ሦስት ሳምንት ቆየሁ። አንድም ቀን ሳንከራከር አላደርንም። አንድ ምሳ ላይ በግእዝ ተያይዘን ስንጯጯህ ሚስቱ እንጀራውን ከመካከላችን አነሣችው።

«በዚህ ቤት ሲበላ ግእዝ የለም» አለች። «ማን ማንን እንደሰደበ ማወቅ አለብኝ።»

ለዘመን መለወጫ ዋዜማ ደግሞ ዶሮ ልትሠራ ተነሣችና አየችን። እኔ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ፣ እርሱ ግድግዳ ተደግፎ፣ እንከራከራለን። አንድ ቁና ሽንኩርት አምጥታ ከፊታችን አስቀመጠች።

«ሁለታችሁም ስለ ፍቅር ታውቃላችሁ። እስቲ ይህን ላጡልኝ» አለች።

እርሱ ይልጣል፤ እኔ እከትፋለሁ። የአገራችን ሽንኩርት ትንሽ ነው፤ ኃይሉ ግን ሌላ ነው። ጥቂት ሳንቆይ ሁለታችንም እንባችን ጺማችንን አራሰው። እርሱ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ሲጠርግ፣ እኔም ማየት አቅቶኝ ትከሻውን ይዤ ሳለሁ በሩ ጨለም አለ። የንስሐ አባታችን ቆመዋል።

አንድ ጊዜ እርሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እግዚአብሔር ሥራውን ሠራ» አሉ ቀስ ብለው፤ መስቀላቸውን አውጥተው ግንባራችንን ባረኩና ዘወር ብለው ሄዱ። ሚስቱ ነገሩን ልታስረዳቸው ቢላዋ ይዛ ስትነሣ እርሱ ቀሚሷን ያዘ።

«እንንገራቸው እንዴ?» አልሁት።

«ምን ብለን? ዘጠኝ ወር ሙሉ ሲለምኑን ያላለቀስን በሽንኩርት አለቀስን ብለን?»

በዓሉ ሲነጋ ደብሩ ሁሉ ሰምቷል። ሁለቱ ሊቃውንት ተቃቅፈው አልቅሰው ታረቁ ተብሎ እየተወራ ነው። ሴቶች እንቁላልና ቅቤ ይዘው መጡ። በእኔ ስብከት የታረቀ ሰው አላየሁም ነበር፤ በሽንኩርቱ ግን ሦስት የተጣሉ ቤተሰቦች ታረቁ። ሁለታችን ደግሞ ማንም በመካከላችን ሆኖ፣ «ይቅር ተባባሉ» ሳይለን ቀረን፤ ሁሉም አልቋል ብሎ ስላመነ።

ጀሶው ሲወልቅ ነገሩ ከበደኝና ለንስሐ አባቴ እውነቱን ተናዘዝሁ። አዳምጠው ሲጨርሱ አልተቆጡም።

«ሽታው እኮ እስከ በሩ ይመጣ ነበር» አሉ። «ያስለቀሰኝ እንባችሁ አይደለም ልጄ። አንዱ ሲልጥ ሌላው ሲከትፍ አየሁ። እኔ ከዚያ በላይ ምን ልጠይቅ?»

ያም ሆኖ ዝም ስላልሁ አርባ ስግደት አዘዙብኝ። እግሬ ገና በደንብ አይታጠፍም ነበር። እርሱ ይህን ሲሰማ አጠገቤ ቆመና፣ «ሃያው የኔ ነው» ብሎ መስገድ ጀመረ። ሲጨርስ ሃያ አንድ ነው አለ፤ እኔ አሥራ ዘጠኝ ነው የቆጠርሁት። በዚያው ስንከራከር የቅዳሴ ደወል ተደወለ።