ለሥዕል የተነፋው የቅሬ ጥሩምባ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ አያ ጠሃን የማያውቅ የለም፤ ደጁ ላይ ሲያየው ደስ የሚለው ሰው ግን እምብዛም አልነበረም። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሰው አያማ፣ የሰው አይመኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ የዓሣ አጥማጆችን መረብ ሲጠግን የሚውል ጭምት ነው። ጣጣው ሌላው ሥራው ነው፤ አያ ጠሃ የቅሬ ጥሩምባ ነፊ ነው።

ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ማኅበር ነው። እኛ ዘንድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን ይቀባበርበታል። ሰው ሲያርፍ አያ ጠሃ ጎህ ሲቀድ የቆርቆሮ ጥሩምባውን ይዞ ይወጣና መንገድ ለመንገድ እየነፋ የሟቹን ስም ይጠራል። ጎልማሳ ሆኖ የጀመረውን ሥራ እስኪሸብት ሠራው። ታዲያ ሽንኩርት ሊገዛ ብቅ ሲል እንኳ ሴቶቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። ልጅ አልተኛም ካለ “አያ ጠሃ መጣልህ” ይባላል። ሠርግም ይጠሩታል፣ መጥራቱን ይጠሩታል፤ ሙሽሮቹ እስኪገቡ ድረስ ግን ከሰው ዓይን ዞር ያለ ቦታ ይፈልጉለታል። ሚስቱ ኑርሀያት፣ “አንተ ስትመጣ ደስ የሚለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱም ዓሣ ከያዝህ ነው” እያለች ትስቅበታለች። እሱም አብሯት ይስቃል። ውስጡ ግን ያዝናል። ከመሞቱ በፊት አንድ ቀን ሰውን ለደግ ነገር ጠርቶ ማየት ይመኝ ነበር፤ ይህንንም ከኑርሀያት በቀር ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

አምና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዓመቱን ሙሉ የሣሉትን ሥዕል የሚያሳዩበት ቦታ አጡ። የሥዕል አስተማሪያቸው መምህርት ሰርካለም፣ ሰው አይቶት ልቡ ቀና የሚልበትን ነገር ሣሉ ብላቸው ነበርና ልጆቹ የቻሉትን ያህል ሣሉ። አዳራሹ ለፈተና ተይዟል ሲባል ሰርካለም ቅሬውን ወደሚመራው ዳኛ ወደ አቶ እንዳለ ሄዳ የቅሬውን ቤት ለመነች። ቤቱ የቅሬው ድንኳን፣ አግዳሚና ብረት ድስት የሚቀመጥበት ሰፊ ቤት ነው። አቶ እንዳለ አሰበበትና ፈቀደ፤ ሰው ከሞተ ግን ሥዕሉ ወዲያው ይነሳል አለ። ሰርካለም የደሴ ልጅ ናት፤ የዚህን ቅሬ ደንብ አታውቅም። ስትወጣ አያ ጠሃን በር ላይ አገኘችው፤ አንተ ካልተናገርህልን ማን ይሰማናል ብላ አደራ አለችው።

ቃሏ እንደ ማር ጣፈጠው። ጥሩምባው ለሞት ብቻ እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ለስብሰባ እንኳ አይነፋም፤ ስብሰባ ከስግደት በኋላ በመስጊድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ይነገራል። ያለ ሞት የነፋ ሰው ጥሩምባውን ይነጠቃል፤ ደንቡ ይኸው ነው። አያ ጠሃ ግን ምኞት አእምሮውን ጋረደውና መላ አገኘሁ ብሎ አመነ። ጎህ ሲቀድ ሳይሆን ፀሐይ ሞቅ ሲል ይወጣል፤ እንደ ወትሮው አስረዝሞ ሳይሆን አጠር አጠር አድርጎ፣ የሠርግ እያስመሰለ ይነፋል፤ ወሬውንም ቶሎ ይናገራል። ይህን ለቅሶ ነው የሚል ማን አለ? ኑርሀያት ተው ብትለው አልሰማትም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነፋ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከጥሩምባ የወጣውንማ ማን ይመልሰዋል! “የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የልጆቻችን ሥዕል ቅሬው ቤት ነው፣ ኑና እዩ!” እያለ መንደሩን ዞረ። ማን ሊሰማው? የሐይቅ ሰው ያንን ድምፅ ሲሰማ ጆሮው እዚያው ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው የራሱን ልብ ብቻ ነው። ጥሩምባ አጠረም ረዘመም ጥሩምባ ነው።

ሽንኩርት ሻጯ ሀጀራ ሱቋን ዘጋች። ወንዶቹ ለመቃብር ዶማና አካፋ ይዘው ወጡ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ተማሪዎቹ ዩኒፎርማቸውን አጥበው፣ ከየሥዕላቸው አጠገብ ቆመው እንግዳ ሲጠብቁ፣ ድንኳኑን ሊያወጣ በሩን በርግዶ የገባው ሕዝብ ዋይ ዋይ እያለ ነበር። አንዷ ተማሪ ማን እንደሞተ እንኳ ሳታውቅ አብራ አለቀሰች። “ማን ነው?” ሲባል “ማንም” ተባለ። “እንዴት ማንም?” ሲባል ተማሪዎቹ ሥዕላቸውን አሳዩ። ገሚሱ ተናደደ፤ ገሚሱ እፎይ ብሎ ሳቀ። አካፋ የተሸከሙ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከመጡ አይቀር ብለው የአርዲቦ ሐይቅን ሥዕል ፊት ለፊት ቆመው ማየት ጀመሩ፤ ሸንበቆው በዝቷል አሉ።

ከሕዝቡ ሁሉ ኋላ ተሾመች መጣች። ልጇ ሙላት በባቲ አድርጎ ባሕር ሊሻገር ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ አንዴ ከጅቡቲ ደወለ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ጫማ ሳታደርግ ስትሮጥ መጥታ ደፉ ላይ ወደቀች። “ሙላቴ ነው አይደል? አትደብቁኝ” አለች። ሴቶቹ ደግፈው አስገቧት፤ ማንም አልሞተም፣ ሥዕል ነው፣ አብሽሪ አሏት። ለማመን ብዙ ቆየች።

አያ ጠሃ ዞሮ ዞሮ በመጨረሻ ደረሰ። ሰዉ ደስ ብሎት ሊያይ ነበር የመጣው። መጀመሪያ ያየው ግን ተሾመችን ነው፤ ምን እንዳደረገ ያን ጊዜ ገባው። በሕይወቱ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

አቶ እንዳለ አልጮኸም። ደንቡን ታውቀዋለህ ብቻ አለው። አያ ጠሃ ጥፋቱ የኔ ነው አለና ጥሩምባውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። መምህርት ሰርካለም ጥፋቱን ልትካፈል አፏን ስትከፍት በእጁ ዝም አሰኛት። ከዚያ ሄዶ ተሾመች እግር ሥር በርከክ አለ።

“አውፍ በይኝ፣ እህቴ” አላት።

 ተሾመችን ያስቀመጧት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ ሳጂዳ ካርቶን ላይ ከሣለችው ሥዕል አጠገብ ነበር፤ ዓይኗ እዚያ ላይ ቀርቷል። ሥዕሉ የሐይቅ መናኸሪያ ነው። አውቶቡስ ቆሟል፣ በሩ ተከፍቷል፣ ሻንጣና ማዳበሪያ የያዘ ሰው እየወረደ ነው፤ የወረደውን ሁሉ ሊቀበለው የመጣ ሰው አንገቱን አቅፎታል። ተሾመች እነዚህ ወዴት የሚሄዱ ናቸው ብላ ጠየቀች።

ሳጂዳ ከድንጋጤዋ ገና አልወጣችም። “የሚሄድ የለም፣ እትዬ” አለች። “ሁሉም የሚመጡ ናቸው።”

ተሾመች አንድ በአንድ አየቻቸው። ከሚወርዱት አንዱን፣ ቀጠን ያለውን፣ በጣቷ ነካችው። ከዚያ ተነሳችና ወደ አቶ እንዳለ ዞረች።

“ዳኛው፣ ጥሩምባውን አትቀሙት” አለች። “ይኼ ነገር በተነፋ ቁጥር የኔ ነው እያልሁ ስሞት ኖሬያለሁ። ዛሬም ሞቻለሁ። ዛሬ የጠራኝ ግን ለዚህ ነው።” ሥዕሉን አሳየች። አያ ጠሃ እንደተንበረከከ ነበር፤ ክንዱን ይዛ አነሳችው። “አያ ጠሃ፣ ልጄ የመጣ ዕለት ይኼንኑ ንፋልኝ። እንደ ዛሬው ረፋድ ላይ። ሰው ሁሉ እንዲህ ደንግጦ ይምጣልኝ።”

 የቅሬ ደንብ በአንድ ሰው አፍ አይለወጥምና አቶ እንዳለ ሽማግሌዎቹን አየ። አካፋ የተሸከሙት ሽማግሌ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። አቶ እንዳለ ጥሩምባውን ከአግዳሚው አንስቶ ለባለቤቱ መለሰና፣ ለሙላት መምጫ ተፈቅዷል አለ።

አያ ጠሃ ስንት ዓመት የተመኘው ነገር ነው፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ለደስታው ንፋልኝ አለው። ደስ አለው። ኢንሻአላህ እነፋልሻለሁ አላት፤ እሷም አሜን አለች። ክፉው ወሬ የመጣ እንደሆነም የሚነፋው እሱው ነው። ሁለቱም ያውቁታል፤ አንዳቸውም አላነሱትም።