ያልታጨደ ማሽላ

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር ከምንኖርበት ከሴንት አልባንስ በባቡር መሀል ከተማ ወርደን ሥዕል ለማየት ሙዚየም ገባን። በጦርነት ዘመን እንግሊዝ አገር የተሳለ አንድ የውሃ ቀለም ሥዕል ፊት ስደርስ እግሬ አልሄድ አለ። ዝቅ ያለ ግራጫ ሰማይ፣ ከሥሩ የማጨጃው ጊዜ ያለፈበት ቢጫ እህል።

"ሰው የለበትም፣ እንዴት ደስ ይላል!" አለችኝ ልጄ በእንግሊዝኛዋ።

እኔ ግን የማሽላችን ደረቅ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ወታደሮች ለጦር ሜዳ ወጣት ያፍሱ ነበር። ማሽላችን ደርሶ አልፎበታል፤ ወፍ ወሮታል። ወፎቹን ላባርር ወንጭፌን ሳሽከረክር አያቴ እጄን ያዘኝ።

"ተዪው፣ ወፍ ይብላው።"

"ለምን አናጭደውም ታዲያ አባባ?"

"ከታጨደ ወንድምሽ የት ይደበቃል?" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ወታደር ሲመጣ ደግሞ ወደ ማሽላው እንዳታዪ። ዓይንሽ ያሳብቅበታል።"

ልጄ "ማሚ፣ እንሂድ" ትለኛለች። እኔ ወደ ሥዕሉ ተጠግቼ ቢጫውን እህል አገዳ በአገዳ እፈትሻለሁ። ዩኒፎርም የለበሰ ጥበቃ ከወዲያ ጥግ ወደ እኛ መራመድ ጀመረ።

ቶሎ ብዬ ዓይኔን ከእህሉ ላይ አነሳሁ።