የማክሰኞው ፉል

አባቴ ውጭ መብላት ካቆመ ስምንት ወር እንዳለፈው የነገረችኝ አብራው የምትኖረው እህቴ ናት። በስልክ ነው የነገረችኝ። «ቤት ውስጥም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚበላው» አለች። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመት ሆኖታል። ሐኪሙ ለበሽታው ስም ሰጥቶ ክኒን አዞለታል። ክኒኑ እርምጃውን አስተካከለለት፤ እጁን ግን አላቆመለትም።

ከምሠራበት ጋዜጣ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ረቡዕ ከሰዓት ሐረር ገባሁ።

የአባቴ ውጭ መብላት ለእኛ ቤት ቀላል ነገር አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ አስተማሪ ነበር። አይጠጣም፣ ኳስ ሜዳ አይሄድም። መዝናኛው በሳምንት አንድ ቀን ከጓደኛው ከሐጂ ጋር መውጣት ብቻ ነበር። በሸዋ በር ገብተው ፉል ይበላሉ፤ ከዚያ ቁልቁል ወደ ጊደር መጋላ ገበያ እየተጨቃጨቁ ይወርዳሉ፤ የማይገዙትን ቅመም ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ጭማቂ ጠጥተው ይመለሳሉ። እናቴ በሕይወት ሳለች «ሽርሽረኞቹ መጡ» ትል ነበር።

ሐጂ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ የሚሰፉ የጀጎል ሰው ናቸው። የተዋወቁት በአባቴ ሱሪ ርዝመት ተጨቃጭቀው ነው። እኛ ከጀጎል ግንብ ውጭ የምንኖር ክርስቲያኖች ነን፤ እሳቸው የግንቡ ውስጥ ሙስሊም። ሁላችንም ሥጋ የምንበላው በየሃይማኖታችን የታረደውን ስለሆነ፣ ከከተማው ምግብ ቤት ሁሉ ሁለቱ ሳይሳቀቁ አብረው የሚቀመጡበት ፉል ቤት ነበር። ልጅ ሳለሁ አባቴ ፉል በጣም የሚወድ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እህቴ ቤት ውስጥ ሠርታ ብታቀርብለት አንዴ ቀምሶ ተወው።

ሐጂ አሁንም ቤት እየመጡ ይጠይቁታል። ሻይ ሲቀርብ ግን አባቴ ብርጭቆውን አይነካም። እሳቸው ጠጥተው ይሄዳሉ፤ የእሱ ይቀዘቅዛል።

ሐሙስ ጠዋት ነገሩን አነሳሁበት።

«ሰው ሁሉ እያየኝ ሸሚዜ ላይ ላፍስስ?» አለ።

«ሰው የማይኖርበትን ሰዓት አጣርቼ ብመጣስ፣ አባዬ?»

«ካጣራሽማ...» አለ። ማጣራት የሚለውን ቃል ያከብራል፤ ያስተማረኝም እሱ ነው።

ፉል ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ አሥር ሰዓት አካባቢ ቤቱ ለጥቂት ጊዜ ጭር እንደሚል ነገረኝ። ጥጉ ላይ ያለውን ጠረጴዛ አስያዝኩ፤ ከባለ ባጃጅም ጋር ተነጋገርኩ። ከዚያ ለሐጂ ደወልኩ።

«ዛሬ?» አሉ።

«ዛሬ አሥር ሰዓት።»

ከጀርባ ይሰማ የነበረው የስፌት መኪና ድምፅ ቆመ።

«እሱ እሺ ብሏል?»

«ብሏል።»

«እንግዲያ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

መኪናው መቆሙን ልብ ብያለሁ፤ ምክንያቱን ግን አልጠየቅሁም። ለጋዜጣ ሥራ ቢሆን እጠይቅ ነበር።

ባጃጁ ሸዋ በር ሲያወርደን የሚኒባስ ረዳቶቹ ጩኸት ጆሮ ያደነቁር ነበር። አባቴ ቀኝ እጁን ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሐጂ በሩ ሥር ቆመዋል፤ ነጭ ቆብ፣ ነጭ ሸሚዝ።

«ቲቸር! አለህ?»

«አንተን ሳልቀብር የት ልሄድ?»

«ሱሪህ ሰፍቶሃል። ማን ነው የሰፋልህ?»

«አንድ ሌባ ልብስ ሰፊ።»

በልቤ ተሳካ አልኩ። ፉል ቤቱ ጋ ስንደርስ ግን ሦስት ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ተቀምጧል፤ ከድሬዳዋ የመጡ መንገደኞች ነበሩ። ባለቤቱ ከሩቅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀኝ። አባቴ ደፉ ላይ ቆመ።

«ሰው አለ» አለኝ፤ ለእኔ ብቻ፣ በዝግታ። የኪሱ ጨርቅ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ከዚህ ከተመለሰ ዳግመኛ እንደማይወጣ አወቅሁ።

ሐጂ ቀድመውን ገብተው ጥጉ ላይ ተቀምጠዋል። «ቲቸር!» ብለው ተጣሩ። «ወንበርህን ለሰው ልስጠው?»

አባቴ ገባ።

ፉሉ እየተንተከተከ መጣ፤ ሽንኩርቱና ቃሪያው ከላይ፣ ትኩስ ዳቦው በጎን። አባቴ እጁን ከጠረጴዛው ሥር እንደያዘ ነው። ሐጂ ተነስተው እጃቸውን ታጠቡ፤ ቁጭ ብለው ዳቦ ቆረሱ፤ ፉሉን በዳቦው ጠቅልለው አነሱ።

«ክፈት።»

«ሕፃን ነኝ እንዴ?»

«ሕፃንማ ይታዘዛል። ክፈት፣ እጄን አቃጠለኝ።»

አባቴ ጎረሰ። ጉርሻ ማንም ለማንም ይሰጣል፤ አንድም ሁለትም፣ ሦስትም ቢሆን የሚያስገርም ነገር የለውም። ሐጂ አራተኛውን ሰጡ፤ አምስተኛውን። በመሃል ስለ ጨርቅ ዋጋ ያማርራሉ፤ አፉ እንደሞላ ነው፤ መልስ እንዲሰጥ እንኳ ጊዜ አይሰጡትም። መንገደኞቹን አየኋቸው። አንድ ሽማግሌ ሌላ ሽማግሌ ሲያጎርስ ዞር ብሎ የሚያይ አልነበረም።

ከስንተኛው በኋላ እንደሆነ አላስታውስም፤ አባቴ የሐጂን እጅ በግራ እጁ ያዘ።

«አንተስ? አንድም አልቀመስክ።»

«ሐሙስ ነው» አሉ ሐጂ፤ ተራ ነገር እንደሚናገሩ።

አባቴ ማኘኩን አቆመ። «ዛሬ ሐሙስ ነው?»

የእኔ ስህተት የታወቀኝ ያኔ ነው። ሐጂ ሰኞና ሐሙስ ይጾማሉ። አባቴ ረቡዕና ዓርብ ይጾም ነበር። ቅዳሜ የልብስ ሰፊ ሥራ ይበዛል፤ እሑድ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ይውላል። ስለዚህ የሁለቱ ቀን፣ ከእኔ ዕድሜ ብዙም በማያንስ ጊዜ ሁሉ፣ ማክሰኞ ነበር። እኔ ሰዓቱን፣ ጠረጴዛውን፣ ባጃጁን አጣርቼ ቀኑን አላጣራሁም። ይህን ያህል ያልደነገጥኩበት ስህተት በጋዜጣ ላይ አውጥቼ አውቃለሁ። የባሰው ግን አባቴም አለማወቁ ነው። ለክኒኑ ሲባል የነፍስ አባቱ ጾሙን ካስተዉት ወዲህ፣ ከቤትም መውጣት ከተወ ወዲህ፣ ቀኖቹ አንድ ዓይነት ሆነውበታል።

ፊቱ ቀላ። «ጾመኛ ያጎርሰኝ? ተነሺ፣ እንሂድ» አለኝ።

«ቁጭ በል» አሉ ሐጂ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ቀልድ አልነበረበትም። «ሰው ማብላት አጅር አለው፤ በጾም ቀን ሲሆን ደግሞ ይበልጣል። አላህ የሚከፍለኝን ልትነጥቀኝ ነው? እኔ እጅ አለኝ፤ አንተ ጥርስ። ሥራ ተከፋፍለን እንጨርሰው።»

አባቴ ሳህኑን አየ። ሐጂ የያዙት ጉርሻ ዘይቱ በጣታቸው መሃል ወደ ነጭ እጅጌያቸው እየወረደ ነው። እነዚያ ጣቶች ከጠዋት ጀምሮ ምንም ወደ አፋቸው አላነሱም።

«ሸሚዝህን አበላሸኸው» አለ አባቴ።

«ሌላ እሰፋለሁ።»

አፉን ከፈተ። ሳህኑ እስኪጸዳ አልተነሳንም። ስንወጣ ደፉ ላይ ቆሞ፣ «ማክሰኞ ግን የማጎርስህ እኔ ነኝ። በዚህ በሽተኛ እጄ» አለ፤ እጁንም ከኪሱ አውጥቶ አሳያቸው።

«አሮጌ ልብስ ለብሼ እመጣለሁ» አሉ ሐጂ።

እውነትም አሮጌ ለብሰው መጡ። ማክሰኞ ያው ሰዓት፣ ያው ጥግ ነበር፤ ሰውም ነበር፤ አባቴ ግን ደፉ ላይ አልቆመም። ዳቦውን በሁለት እጁ ቆረሰ፤ ፉሉን ጠቀለለ፤ አነሳ። እጁ ወደ ግራ ሲሄድ የሐጂ አፍ ወደ ግራ፣ እጁ ወደ ቀኝ ሲዞር አፋቸው ወደ ቀኝ። ግማሹ አፋቸው ገባ፤ ግማሹ ጢማቸው ላይ ቀረ።

«አርባ ዓመት መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ሳስገባ ኖሬ» አሉ እያኘኩ፣ «ዛሬ መርፌው እኔ ልሁን?»

አባቴ ሳቀ። እየሳቀ እጁ ጭራሽ ባሰበት፤ ሁለተኛው ጉርሻ ሐጂ ጉልበት ላይ ወደቀ። ከጎን ያሉት ሰዎች ዞረው አዩ፤ እነሱም ሳቁ። አባቴ እጁን ወደ ኪሱ አልመለሰም። ሦስተኛውን መጠቅለል ጀመረ።

ረቡዕ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በቀጣዩ ማክሰኞ፣ ስብሰባ መሃል፣ ሰዓቴን አየሁ፤ አሥር ሰዓት ከሩብ ይላል። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ደወልኩለት። ብዙ ጠራ። ሊዘጋ ሲል ተነሳ፤ የሳህን ድምፅ፣ የሚኒባስ ረዳት ጩኸት፣ «ያዘው፣ ያዘው፣ ሊወድቅ ነው!» የሚል የሐጂ ድምፅ ተሰማኝ።

«አባዬ፣ የት ነህ?»

«አፌ ሞልቷል» አለኝ፤ እውነትም የሞላ አፍ ነበር። «ኋላ ደውዪ።»

ዘጋው። ተመልሼ ስብሰባው ገባሁ።