ለበረኛችን የተላኩ ሽማግሌዎች

የበረኛችን አባት እምቢ ቢሉ ኖሮ ይህን ያህል አልናደድም ነበር። እምቢታ የለመድነው ነገር ነው። ሜዳ ስንጠይቅ እምቢ፣ ኳስ ስንጠይቅ እምቢ፣ ከቤት ለመውጣት ስንጠይቅ እምቢ እየተባልን ያደግን ልጆች ነን። እኔን እርር ትክን ያደረገኝ ሰውየው ፈቅደው ሳለ «ፈቅጃለሁ» ማለት አለመቻላቸው ነው። እንዳይሉ ያደረግናቸው ደግሞ እኛው ነን፤ እናክብራቸው ብለን።

ያኔ በደሴ የሴት ልጆች እግር ኳስ ቡድን ውስጥ አጥቂና አምበል ነበርኩ። ቡድን ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ማልያችን ወንዶቹ ለብሰው የሰለቻቸው ነው፤ የትከሻው ስፌት ክርናችን ላይ ይደርሳል። ከሰዓት ሜዳው የወንዶች ስለሆነ የምንለማመደው ጠዋት ነው። ጠዋቱስ የኛ ቢሆን ምን ነበረበት! ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣታችንን አደንዝዞት ገና ሰውነታችንን ሳናሟሙቅ የጤና ቡድን የሚባሉት ከተፍ ይላሉ። የጤና ቡድን ማለት ሐኪም «ተንቀሳቀሱ» ያላቸው፣ ትንሽ ሮጠው ብዙ የሚያርፉ፣ ቦርጫቸው ቀድሟቸው ሜዳ የሚገባ አባቶች ናቸው። አለቃቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። «በሉ ልጆቼ፣ እስቲ ወደ ጥግ» ይሉናል። ጥጉ ድንጋይ ነው። ቅር ሲለን ካዩ «ለስኳራችን እኮ ነው» ይላሉ። በሳቸው ስኳር የተነሳ ስንት ጠዋት ድንጋይ ላይ ስንንጠለጠል አረፈድን።

ቤት ስገባ ደግሞ እናቴ አለች። እግሬን ታይና «ይህን ቅልጥም ይዘሽ ነው ሙሽራ የምትሆኚው?» ትለኛለች። ሙሽራ ቀሚሷ እስከ መሬት እንደሆነ ባስረዳትም አይገባትም። እሷም ያለችውን ትላለች፣ እኔም ታኬታዬን አጥቤ መስኮት ላይ አሰጣለሁ።

በረኛችን የገራዶ ልጅ ነበረች። የምትማረው ደሴ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ትመጣለች። መጀመሪያ ያየኋት በሜዳው ዳር ስታልፍ ነው። አንዷ ልጃችን ኳሱን ወደ ሰማይ ለግታው በቀጥታ ወደሷ ወረደ። የደብተር ቦርሳዋን ሳትጥል፣ ሂጃቧም ሳይዛነፍ፣ በአንድ እጇ ቀለብ አድርጋው ዝም ብላ መልሳ ወረወረችልን። አሰልጣኛችን አፉን ከፍቶ ቀረ። ያን ጊዜ በረኛ የምትሆነን ከሰው ሁሉ ዘግይታ የመጣችዋ ነበረች፤ ቅጣት ነበር በሉት። እሷ ግን ወደደችው። «በረኛ ረጅም ሱሪ ቢለብስ፣ እጅጌው ረጅም ቢሆን ማን ምን ይላል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከመካከላችን በአለባበሷ የማትነካው እሷ ብቻ ነበረች። የሚነኳት በሌላ ነው። አጎቶቿ «ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ሰው ፊት እየዘለለች ትወድቃለች» እያሉ አባቷን ይነዘንዟቸዋል። አባቷ ጎመንና ካሮት የሚያመርቱ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ልምምድ እንደምትመጣ ያውቃሉ፤ አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ።

ችግሩ የመጣው ኮምቦልቻ ላይ የምንጫወትበት ቀን ሲቆረጥ ነው። ጨዋታው እሁድ ነበር። ከሩቅ ከተማ የመጣ የአንድ ክለብ መልማይ ሊያየን ነው፤ የተመረጠች ልጅ ደሞዝተኛ ተጫዋች ትሆናለች። ለኛ ከዚህ በላይ ነገር የለም። በረኛችን ግን ከደሴ ወጥታ፣ ሕዝብ ፊት ለመጫወት የአባቷ ፈቃድ ያስፈልጋታል። እኔ «ተዉኝ፣ እኔ ሄጄ ልጠይቃቸው። ያውቁኛል፣ ቤታቸው እርጎ ጠጥቻለሁ» አልኩ። አሰልጣኛችን ግን ወግ አጥባቂነቱ የዚያን ዕለት ተነሳበት።

«አንቺ ልጅ ነሽ። እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ነው የሚጠየቀው» አለ።

«ልናገባት ነው እንዴ?»

«ሰውየውን እናክብራቸው ነው የምልሽ።»

ማንን ቢመርጥ ጥሩ ነው? አንዱ ጎረቤቱ የሆኑት ቄስ ናቸው፤ ከልጅቷ አባት ጋር ከድሮ ጀምሮ ይከባበራሉ። ሁለተኛው የጤና ቡድኑ አለቃ፣ መምህሩ! በየጠዋቱ ከሜዳ የሚያባርሩን ሰውዬ ስለኛ ሊለምኑ። ደሜ ፈላ፤ ግን ማን ይሰማኛል?

ሰኞ ጠዋት ሁለቱ ገራዶ ሄዱ፤ እኔና አሰልጣኙ አስፋልቱ ዳር ቆመን ጠበቅናቸው። ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«እሺ አሉ?» ብዬ ዘለልኩ።

«በጣም ጥሩ አድርገው ተቀበሉን» አሉ ቄሱ። «ቁጭ በሉ ሲሉን፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን። ሰሙን። ከዚያ፣ ከዘመድ ልምከርበት፣ ሂዱና ለሳምንት ማክሰኞ ተመለሱ አሉን።»

«ለሳምንት ማክሰኞ? ጨዋታው እኮ እሁድ ነው!»

መምህሩ ባላዋቂነቴ አዘኑልኝ። «ልጄ፣ ሽማግሌ በመጣበት ቀን እሺ የሚል አባት የት አይተሻል? ልጁን እንደ ናቃት ነው እኮ የሚቆጠረው። እኔን ራሴን ለሚስቴ ስንቴ አመላልሰውኛል።»

ሳቅ በሳቅ ሆነው ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። እኔ አልሳቅኩም።

በማግስቱ ልምምድ ላይ በረኛችን ዓይኗ አብጦ መጣች። ያለችኝን ስሰማ ራሴን ይዤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አባቷ ለካ ባለፈው እሁድ ፈቅደውላት ነበር! ጎመን ሲያስሩ ጠጋ ብላ ብትነግራቸው «ሂጂ፣ አሏህ ይጠብቅሽ» ብለዋታል። ሰኞ መጥታ ልታበስረን ቦርሳዋን አንግታ ከቤት ልትወጣ ስትል ሽማግሌዎቻችን ደጃቸው ላይ ከተፍ አሉ።

ከትምህርት በኋላ አብሬያት ገራዶ ሄድኩ። አባቷ ማሳቸው ውስጥ ካሮት እየነቀሉ ነበር። ሰላምታው ሲያልቅ አላስቻለኝም።

«አባባ፣ ፈቅደውላት የለም እንዴ?»

«ወላሂ ፈቅጃለሁ» አሉ፣ አፈሩን ከእጃቸው እያራገፉ።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሽማግሌ ደጄ ቆመ። ወንድሞቼ ሰሙ፣ ጎረቤት አየ። አሁን ብድግ ብዬ ውሰዷት ብል፣ ልጁ አንገሽግሻው ነበር ነው የሚሉኝ።»

«ሽማግሌ ባንልክስ ኖሮ?»

«ያኔማ የኔና የልጄ ጉዳይ ነበር። አሁን የአገር ሆነ።»

አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመው ሌላ ቡድን በዓለም ላይ ይኖር ይሆን? ሌላው በጉዳት፣ በቀይ ካርድ በረኛ ያጣል። እኛ በጨዋነት ልናጣ ነው። ሰውየው ፊቴን አይተው ይመስለኛል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አብሽሪ ልጄ። ሽማግሌ ከቀጠሮው ቀድሞ ቢመጣም እኔ ከደጄ አላባርርም» አሉኝና ወደ ካሮታቸው ዞሩ።

በማግስቱ ጠዋት የጤና ቡድኑ ሲጫወት ደረስኩ። መምህሩ ኳሱን እየገፉ ሲመጡ ከእግራቸው ሥር ነጠቅኳቸውና አቀፍኩት። ጨዋታው ቆመ። አንዳንዶቹ እንዲያውም ለእረፍቱ ያመሰገኑኝ መሰለኝ።

«ከቀጠሮ በፊት ገራዶ ካልሄዱ ኳሱን አልሰጥም» አልኩ።

«ነውር ነው! ቀጠሮ ሳይደርስ የሰው ደጅ አይረገጥም።»

«በየጠዋቱ እኛን ወደ ድንጋይ መግፋትስ ነውር አይደለም?»

ጓደኞቻቸው ሳቁባቸው። መምህሩ ግንባራቸውን በፎጣ ጠረጉና «ይቺ ልጅ ባሏን ፈጣሪ ይርዳው» አሉ። ባል የሌለበት ነገር የለም መቼም። ግን እሺ አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሄዱ። አባቷ ቆመው ሰሟቸውና «ሂዱና ተመለሱ» አሏቸው። ወጥተው መንገድ ዳር ሻይ ጠጥተው እኩለ ቀን ላይ ተመለሱ። አሁንም «ትንሽ ልምከርበት» ተባሉ። እኔ ሻይ ቤቱ ውስጥ ጥፍሬን እየበላሁ ነው። ከልጅቷ አጎቶች አንዱ እዚያው አጠገቤ ተቀምጦ «ወንድሜ እንዲህ በቀላሉ የሚሰጥ ሰው አይደለም» እያለ በኩራት ለባለ ሻይ ቤቱ ያወራል። ያ ሁሉ ወር ልጅቷ ትዘላለች እያለ የነዘነዘ ሰውዬ! ሽማግሌ ሲመላለስባት አሁን ውድ ሆነችበት። ከሰዓት በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ገቡ፤ ያን ጊዜ አባቷ እሺ አሉ። ግን ቃል አስገቧቸው፤ ወስደው የሚመልሷት የጠየቋቸው ሽማግሌዎች ራሳቸው ናቸው።

እሁድ ጠዋት ቅዳሴ እንደወጣ ከፒያሳ የተነሳው ሚኒባሳችን ውስጥ ከተጫዋቾች ጋር አንድ ቄስና አንድ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንወርድ ቄሱ በየመታጠፊያው እያማተቡ ሾፌሩን «ቀስ በል ልጄ» ይላሉ፤ ሾፌሩ ቀስ ሲል መምህሩ «ይረፍድብናል» ይላሉ። አባቷና አጎቶቿ በሌላ መኪና ከኋላችን ይከተላሉ። ፊት ያለችው በረኛችን ዞራ አየችኝና ሁለታችንም ሳቅ አፈነን። መንገድ ላይ ያየን ሁሉ ሙሽራ ይዘን የምንሄድ ይመስለው ነበር።

የኮምቦልቻ ሙቀት የብርድ ልጆችን አይምርም። ገና ከዕረፍት በፊት እግሬ እንደ እርሳስ ከበደኝ። ጎሉ ፊት ብቻዬን ቆሜ ያገኘሁትን ኳስ ወደ ውጭ ላክሁት። አሁንም ሳስበው ያመኛል። እሷ ግን የሚመጣውን ሁሉ ትይዛለች፤ ትወድቃለች፣ ትነሳለች፣ ሱሪዋን አራግፋ እኛን ትጮህብናለች። አንዴ ከቅርብ የተመታ ኳስ በጣቶቿ ጫፍ ከአግዳሚው በላይ ስታወጣ ያ ሻይ ቤት ያገኘሁት አጎቷ ዘሎ መምህሩ ላይ ተጠመጠመ። አባቷ ብቻ ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ ፎጣቸውን አፋቸው ላይ ይዘው።

ያለ ጎል ወጣን። መልማዩ መረጠ፤ እሷን ብቻ። እኔን ቀና ብሎም አላየኝ። ቀናሁ፣ አልዋሽም። ተደስቼላትም አቀፍኳት።

መልማዩ ወደ አባቷ ሄዶ «ልጅዎ ከኛ ጋር ትሄዳለች፤ መኖሪያም ምግብም አለን» አላቸው።

አባቷ በትሕትና ሰሙትና «ሽማግሌ ላኩ» አሉት።

የጎሉን ብረት ብነክሰው ደስ ባለኝ! መልማዩ ግራ ገብቶት እኛን ያያል። እዚህ አገር ዘመድ የለው፣ ማንን ይልካል? አሰልጣኛችን ወደ ቄሱና ወደ መምህሩ ሲዞር አባቷ እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ። «እነሱም ይምጡ። ግን ያቺ ማሳዬ ድረስ የመጣችው ትኑርበት። ልጄን የምታውቃት እሷ ናት።»

ሴት ልጅ ሽማግሌ ሆና ስትሄድ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። እናቴ ስትሰማ ምን እንደሆነች አትጠይቁኝ። በሳምንቱ ጠዋት ነጠላዬን በስፖርት ቱታዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ በቄሱና በመምህሩ መሃል፣ ያን ያህል የረገምኩት ደጅ ላይ ቆምኩ።

«ቁጭ በሉ» አሉን።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልኩ።

ቄሱ ተናገሩ፣ መምህሩ ጨመሩ። ከዚያ አባቷ እኔን አዩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

መንገዱን ሁሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። ጎበዝ ናት፣ ዕድሏን አይዝጉባት የሚል። አፌን ስከፍት የታየኝ ግን ጎላችን ነው፤ እሷ የሌለችበት። ከሷ በኋላ እዚያ ማን ይቆማል? እኔስ ለማን ነው የምለጋው? «ልጅዎን ይስጡን» አልኩና እንባዬ መጣ።

አባቷም ዓይናቸው ረጥቦ ነበር። «መልካም። ከዘመድ ልምከርበት። ሂዱና ለሳምንት ተመለሱ» አሉ።

መምህሩ ካለፈው ተምረው ኖሮ «ኧረ በአሏህ፣ ሰውየው እየጠበቀ ነው፣ ዛሬውኑ እንጨርሰው» ማለት ጀመሩ። እግራቸውን ረገጥኳቸው። ሳምንት ማለት እኮ በየጠዋቱ አብራን ናት፤ ያውም መምህሩ አፍረው ሜዳውን ከለቀቁልን ወዲህ፣ ጥጉ ላይ ሳይሆን መሃሉ ላይ።

«ይምከሩበት አባባ» አልኩ፤ «አይቸኩሉ።»