ለሥዕል የተተከለ ድንኳን

ሠዓሊ ጓደኛዬ ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር፣ ቀድሞ መኪና ይቆምባት የነበረች አንዲት የግቢ ክፍል ተከራይታ የሥዕል ማሳያ አደረገቻት። ከጥቂት ወራት በኋላ አከራይዋ አሮጊት ነገሩን በአጭሩ ቆረጡት።

«ልጄ፣ ሰው የማይገባበት ቤት ይቀዘቅዛል። ቅዳሜ ሰው ከመጣልሽ ቆዪ። ካልመጣ ለሲሚንቶ ነጋዴው እሰጠዋለሁ።»

ጓደኛዬ ለቅዳሜ የሥዕል ዝግጅት አሰናዳች። ወሩ ሐምሌ ነበር። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች፣ ተራ የሚጠብቀውን እንግዳ ዝናብ እንዳይመታው ብላ ከሰፈሩ ዕድር ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ተዋሰች። ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ ድንኳኑ ደጅ ላይ ተተክሏል። ገብቼ ሥዕሎቹን አየሁ። በአንዱ፣ በግ የቤት ቁልፍ በአፉ ይዞ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ይወጣል። በሌላው፣ ለቅሶ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፤ ቀና ብሎ ሰው የሚያየው በፎቶግራፉ ውስጥ ያለው ሟች ብቻ ነው። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም፤ በሩን ነበር የምታየው።

ሰው መጣ። ሦስትም አራትም እየሆኑ ገብተው ድንኳኑን ሞሉት።

«አየህ?» አለችኝ ክንዴን ጨብጣ።

እኔ ያየሁት ነጠላቸውን ነው። ሁሉም አዘቅዝቀው ለብሰዋል። በሰፈሩ ድንኳን ያየ ሰው መጀመሪያ ገብቶ ይቀመጣል፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው ቀስ ተብሎ ነው። አንድ ሽማግሌ ወደ ጓደኛዬ ጠጋ አሉ።

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

«የምን ቀብር፣ አባባ? የሥዕል ዝግጅት እኮ ነው።»

«ታዲያ ማን ነው ያረፈው?»

«ማንም።»

«ማንም ሳይሞት የዕድር ድንኳን?»

«ሥዕሉ ነዋ የሞተው!» አለ አንዱ ከኋላ። ጥቂቶች ሳቁ። አንዲት ሴት ግን ብድግ ብላ «ሟርት ነው! ላልሞተ ሰው ታስለቅሰናለች እንዴ!» ስትል ሁሉም ተነሥቶ ወጣ፤ ወንበሩ ባዶ ሆነ።

አከራይዋ ደጅ ቆመው ያዩ ነበር። ጓደኛዬ እጃቸውን ያዘች። «እማማ፣ ሰው እኮ መጣ። እርስዎም አይተዋል።»

«ለሞተ ነው የመጡት። ይሄን ከደጄ ንቀይልኝ። ሰኞ ቁልፌን አምጪ።»

ገመዱን መፍታት ጀመርኩ። እሷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጭቃውን ታያለች። የሆነውን ያልሰማች አንዲት ጎረቤት ከዝናቡ እየሮጠች ገባችና አጠገቧ ተቀመጠች። ምንም ሳትጠይቅ ትከሻዋን አቀፈቻት።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ።»

ስህተት ሰምቼ ዝም የማለት ልማድ የለኝም። ግን አፌን ሳልከፍት ጓደኛዬ ቀደመችኝ።

«አሜን» አለቻት።