ለጅቡ የቀረበ ተዝካር

መጀመሪያ የመታኝ ሽታው ነው። ፉርሽካ። በሩን ከፍተው ሲያስገቡኝ ዓይኔ ጨለማውን ገና አልለመደም፤ ውስጥ ሰው መኖሩንም አላየሁም። አፍንጫዬ ግን ቦታውን አወቀው። የከብት መኖ መጋዘን ነበር። ከጦርነቱ በፊት እኔና ታላቅ ወንድሜ ከዚሁ በር ላይ ፉርሽካ በጋሪ ጭነን እናውቃለን። አሁን ጆንያዎቹ የሉም። ጆንያዎቹ በነበሩበት ወለል ላይ አሥራ ስምንት ሰው ተቀምጧል።

ለምን እንደታሰርኩ ልጻፍ። ረጅም አይደለም።

ወንድሜ መቐለ ውስጥ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ጫፍ ላይ ባለ አንድ የመዝናኛ ግቢ የእንስሳት ጠባቂ ነበር። ትልቅ ነገር አይደለም። አንድ ጅብ፣ አንዲት ሰጎን፣ ሦስት ጦጣዎች፣ ሁለት ኤሊዎች። እሑድ እሑድ ሕፃናት ከወላጆቻቸው ጋር መጥተው ያዩአቸው ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ባለቤቱ ለሥራ በሄደበት አዲስ አበባ ቀረ። ስልክ ተቋረጠ። ሌሎቹ ሠራተኞች አንድ በአንድ መምጣት አቆሙ። ወንድሜ አላቆመም።

ወንድሜ የስኳር ሕመምተኛ ነበር። መድኃኒቱ ከከተማው ጠፋ። እየከሳም ቢሆን ይመላለስ ነበር። መነሣት ሲያቅተው እኔን መላክ ጀመረ፤ ስመለስም ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ "ውኃውን አየኸው?" የሞተ ዕለት ጠዋትም ጠየቀኝ። ያን ቀን አልሄድኩም ነበር። "አዎ፣ ሞልቼዋለሁ" አልኩት። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ከቀብር ስመለስ ልብሴን ሳልቀይር ሄጄ ሞላሁት። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላጓደልኩም። እስከተያዝኩበት ቀን ድረስ።

ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ያለ አንድ ሥጋ ሻጭ የወንድሜ ጓደኛ ነበር። ከብት ባረደ ቁጥር ሳንባውን ያስቀምጥልኛል። በጆንያ ተሸክሜ በእግሬ ስሄድ ወታደሮች አስቆሙኝ።

"ምንድን ነው?"

"ሳንባ።"

"ለማን?"

"ለጅብ።"

አንዱ ሳቀ። ሌላው አልሳቀም። አለቃው ያልሳቀው ነበር። "ጫካ ላሉት ስንቅ ታደርሳለህ ማለት ነው" አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገርንም።

መጋዘኑ ውስጥ እስረኞቹ የመረጡት አለቃ ነበር። አስተማሪ ነው፤ ሁሉም "መምህር" ይሉታል። ከመሃል አገር መጥቶ መቐለ አግብቶ የቀረ ሰው ነው። ትግርኛ ይሰማል እንጂ እንደ ልቡ አይናገርም፤ ለእሱ ሲባል ቤቱ ሁሉ አማርኛ ያወራ ነበር። በበሩ ቀዳዳ ምግብ የሚቀበልና ባዶውን ዕቃ ለቤተሰብ የሚመልስ እሱ ብቻ ነው።

"በምን ገባህ?" አለኝ።

"በሳንባ።"

ስነግራቸው ቤቱ ሳቀ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ አልሳቁም። ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ሁላችንም "አቦይ" እንላቸዋለን።

"ጅብ ትቀልባለህ፣ ወደይ፣ ልጄ?" አሉኝ።

"አዎ፣ አቦይ።"

"በዚህ ዘመን ያልጠገበ ጅብ አለ እንዴ?"

ሳቁ ቆመ። ቆይቶ መምህር በጆሮዬ ነገረኝ። የአቦይ ወንድ ልጅ ዘምቶ አልተመለሰም። የት እንደወደቀ የነገራቸው ሰው አለ። ማንም አንሥቶ አልቀበረውም። መቼ እንደሆነም የሚያውቅ የለም። እሳቸው የታሰሩት ሬሳውን ሊፈልጉ ሲሄዱ ነው።

ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ማየት ከበደኝ።

በሁለተኛው ቀን ተረኛውን ጠባቂ ለመንኩት። ወጣት ነው፤ ከእኔ ብዙም አይበልጥም።

"አለቃ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። እንስሳቱ ውኃ አላገኙም። ሰው ብትልኩልኝ..."

"ለጅብ ውኃ?" አለ። "እኔ ራሴ ፊቴን ከታጠብኩ ስንት ቀኔ ነው!" ከዚያ ወዲህ ስሜ ጠፋ። "ጅቡ፣ ተነሥ! ጅቡ፣ ወደ ውስጥ!" ይለኝ ነበር። ክፋት አልነበረበትም። ወይም አሁን ሳስበው እንደዚያ ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ ወሬው ቤቱን ያዘው። መምህር እንደ ክፍል ውስጥ እጁን አንሥቶ ጠየቀ።

"እሺ፣ እነዚህን እንስሳት መርዳት ያለበት ማነው?"

"ባለቤቱ ነዋ!"

"ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው።"

"መንግሥት።"

"የትኛው?" አለ ከጥግ አንዱ፤ ብዙዎቹ ሳቁ።

"እነዚያ ነጭ መኪና የሚነዱት የእርዳታ ሰዎች።"

"እነሱ ለሕፃናት ዱቄት ማስገባት አቅቷቸዋል። ለሰጎን ነው የሚያስገቡት?"

አቦይ እጃቸውን አወዛወዙ። "መጀመሪያ ሰው" አሉ። "ሰው ሳይበላ እንስሳ? ይሄ ነውር ነው።"

መናገር አልችልም ነበር፤ ሰው ፊት ስናገር ቃል ይጠፋብኛል። ግን ወንድሜ ለሚያሾፉበት ሰዎች የሚመልሰውን አስታወስኩ።

"ልክ ነው፣ አቦይ" አልኩ። "ሰው ይቀድማል። ግን... እኛ ነን የዘጋንባቸው። ክፍት ቢሆን ራሳቸው ፈልገው ይበላሉ። የዘጋበት ሰው ካላመጣላቸው ከየት ያመጣሉ?"

 አንድ ሁለት ሰዎች ወደ በሩ አዩ።

ሦስተኛው ቀን ሐሙስ ነበር። ስነቃ በጣቴ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። የወንድሜ ዐርባ ነው። እናታችን ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት። ተዝካር የሚያወጣ ዱቄት የላትም፤ እኔም የለሁም። እንስሳቱም ውኃ ካጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ፤ ያ ውኃ ግን በዐርባው ቀን ደርቆ መዋሉን ልታገሠው አልቻልኩም። ወንድሜን ሁለተኛ ጊዜ የዋሸሁት መሰለኝ።

እኩለ ቀን ላይ የአቦይ ሴት ልጅ ስንቅ አመጣች። ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትኖር ናት፤ በየቀኑ ትመጣለች። ያን ቀን መምህር ክዳኑን ሲከፍት ሁሉም ወደ ዕቃው ተጠጋ። የዶሮ ወጥ ነበር። የምታበላት ስላጣች የቀረቻትን አንዲት ዶሮ አርዳ ነው። አንድ ዶሮ ለአሥራ ዘጠኝ ሰው። መምህር እንደ ሒሳብ ጥያቄ አፈጠጠባት። ለአቦይ የትልቅ ሰው ድርሻ የሆነውን ብልት፣ ፈረሰኛውን አወጣላቸው። ለእኔ ሲያቀርብልኝ አልተቀበልኩትም።

"አሞሃል?"

"አላመመኝም። የወንድሜ ዐርባ ነው።"

ቀስ ብዬ ነበር የተናገርኩት። አቦይ ግን ሰሙኝ። እጃቸው ከወጡ ላይ ቆመ።

"ዛሬ?"

"ዛሬ፣ አቦይ።"

"ነፍስ ይማር" አሉ። ሁሉም ተከትለው "ነፍስ ይማር" አሉ።

"እንግዲህ እኛ እንግዶች እንሁንለታ" አለ መምህር። "ይሄም ተዝካር ነው።"

አቦይ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኛ ሟቹን አናውቀውም" አሉ። "ወንድምህ በሕይወት ሳለ ሲያበላ የኖረው ማንን ነው?"

 መልሱን ያውቁታል።

"እንግዲያውስ ተጋባዦቹ እነሱ ናቸው። እኛ ከእነሱ የተረፈውን ነው የምንበላው።"

ባዶውን ምሳ ዕቃ ወደ ራሳቸው ሳቡ። ፈረሰኛውን ለሁለት ቀደዱት። አንዱን አስቀመጡ። "ይሄ የወንድምህ" አሉ። ሌላውን አጠገቡ አስቀመጡ። "ይሄ ደግሞ..."

አልጨረሱትም። ጣታቸውን በእንጀራ ጠረጉና ዕቃውን ለሚቀጥለው ሰው አሳለፉት።

ዕቃው ዞረ። ማንም ባዶ አላሳለፈውም። አጥንት፣ የእንጀራ ጠርዝ፣ ለጦጣዎቹ ያደረ የድንች ልጣጭ። አንዱ አጥንቱን መጥምጦ መጥምጦ አስቀመጠና "ጅቡ ይቅር ይበለኝ" አለ። ሳቅን። በዐርባ ቀን ውስጥ ከልቤ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ባለ ተዝካር እንግዶች ሲበሉ አይቀመጥም። እኔም ተነሣሁ። ከውኃችን ላይ በፕላስቲክ ጠርሙስ ትንሽ ይዤ ከአቦይ ጀመርኩና እያንዳንዱን አስታጠብኩ። ለእያንዳንዱ ሰው ጠብታ ያህል ነው የደረሰው። ሁሉም ግን እጁን ሙሉ ውኃ እንደሚወርድበት አድርጎ አሻሸ።

ጠባቂው በቀዳዳው አየን። "ጅቡ! ለምን ቆምክ? ቁጭ በል!"

"ዛሬ ባለቤት ነው" አለው መምህር። "አይቀመጥም።"

ጠባቂው አልገባውም። ግን አልደገመውም።

ዕቃው ከመውጣቱ በፊት፣ ለአቦይ ልጅ እንዲነግራት፣ ለመምህር የእንስሳቱን ቦታ ነገርኩት። ከግቢው ጀርባ አጥሩ ወድቋል፤ በዚያ ይገባል። የውኃ ገንዳው ግማሽ የመኪና ጎማ ነው። ወንድሜ ጅቡን ሳይነካ ውኃ እንዲሞላለት ግማሹን ከሽቦው ውጭ አድርጎ ተክሎታል። የሌሎቹም እንደዚያው ነው። ከውጭ ማንም ሰው ሊሞላው ይችላል። ወንድሜ ሲሠራው ያሰበው ለራሱ ብቻ እንዳልነበር የገባኝ ያኔ ስናገር ነው።

በበሩ ስንጥቅ አየሁ። መምህር ዕቃውን ለልጅቱ ሲሰጥ ጠባቂው ያዘው። ባዶ ዕቃ ቀላል ነው፤ ይሄ ከበደው። ክዳኑን ከፈተ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ተዝካር ነው" አለ መምህር። "ለተጋባዦች የሚሄድ።"

ጠባቂው አጥንቱን፣ ልጣጩን፣ ሁለቱን የሥጋ ቁራጭ አየ። ወደ በሩ፣ ወደ እኔ በኩል አየ። ከዚያ ክዳኑን መልሶ ገጠመና እጁን በሱሪው ጠረገ።

"የሞተ ሰው ምግብ ላይ እጄን አላስገባም" አለ። "ሂጂ።" መምህር ስለ አጥሩና ስለ ጎማው ሲነግራትም ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆመ።

በማግሥቱ ስንቁ ሲመጣ መምህር ከበሩ ላይ አንድ ቃል ይዞ ተመለሰ።

"'ጠጣ' ብላለች።"

"ማን?" አሉ አቦይ፤ ማን እንደሆነ እያወቁ።

"ጅቡ።"

አቦይ "ደግ" አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም አላየኋቸውም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለቀቁኝ። ምንም አልጠየቁኝም። ከመጋዘኑ በቀጥታ ወደ ግቢው ሄድኩ። ሰጎኗ ሞታ ነበር። ጦጣዎቹ ሁለት ቀርተዋል። ጅቡ ተነሥቶ አየኝ፤ ተመልሶም ተኛ። ጎማው እስከ አፉ ሙሉ ነበር።

አሁን ሰላም ነው። ትምህርቴን ጨርሻለሁ፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ። ጅቡ አርጅቶ ሞተ። ባለቤቱ ተመልሶ ግቢውን ለሠርግ ያከራያል፤ ጦጣዎቹን ወስዷቸዋል። ኤሊዎቹ ብቻ አሉ። አንዳንድ ሰዎች "ያኔ እነዚያን እንስሳት ማን መርዳት ነበረበት?" ብለው ሲከራከሩ እሰማለሁ። ሁሉም የሚጠራው ትልቅ ስም አለው።  ማን እንደመጣ ግን አውቃለሁ። በእግሯ፣ ጀሪካን አዝላ የመጣች አንዲት ሴት ናት።

አቦይ ወደ አገራቸው ገብተዋል። ልጃቸው የሞተበትን ቀን እስከ አሁን የነገራቸው የለም፤ ዐርባውንም ሊቆጥሩለት አልቻሉም።

በየዓመቱ በወንድሜ ሙት ዓመት ወደ ግቢው እሄዳለሁ። ዘበኛው ያውቀኛል፤ ያስገባኛል። ለኤሊዎቹ ሁለት የጎመን ቅጠል አስቀምጣለሁ። አንዱ የወንድሜ ነው። ሁለተኛው የአቦይ ልጅ ነው፤ ስሙን አላውቀውም፤ አቦይ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ከሁሉ በፊት ግን ውኃውን አያለሁ።